ጋሽ ጢሞ

ተግባረ ዕድ አጥር ሥር አንድ ጎረምሳ ባልዲ አስቀምጦ ማስታወቂያ ይለጥፋል። «ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል ቤት ለቤት እናስጠናለን» ይላል ወረቀቱ፤ ከታች በመቀስ የተቆራረጠ፣ መንገደኛ ገንጥሎ እንዲወስደው የተዘጋጀ ስልክ ቁጥር አለው። አይቼ ላልፍ ስል ሽታው ያዘኝ። የዱቄት ሙጫ ነው። ያደረ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሊጥ ሊጥ የሚል። በዚህ ዘመን ማን በዱቄት ይለጥፋል? ኮላው፣ ፕላስተሩ ሞልቶ የለ! ልጁን ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ባቡሩ ከራሳችን በላይ ወደ ልደታ አለፈ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሰንጋ ተራ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፣ ጭቃ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግድግዳው አዲስ ወረቀት ይለብሳል። እማዬ የፉርኖ ዱቄት በውኃ በጥብጣ ከሰል ላይ ታማስላለች፤ ሲወፍር በአሮጌ ጨርቅ እየነከርን ግድግዳውን መቀባት የእኔና የእህቴ ሥራ ነው። ወረቀቱ ባለሱቁ በኪሎ የሚሸጠው «አዲስ ዘመን» ነው። የሚለጠፈው ለንጽሕና እንጂ ለንባብ ስላልሆነ አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይቀራል። አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ የተዘቀዘቀውን ማንበብ ለመድኩ። የማነበው የምርት ዘመቻ፣ የአብዮት በዓል፣ የልዑካን ቡድን አቀባበል ነው። ቃሉን አወጣዋለሁ፤ ነገሩ አይገባኝም። እንዳልገባኝ ደግሞ አላውቅም ነበር። ማንበብ ማለት ድምፅ ማውጣት ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤትም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያን የአበበንና የበሶውን፣ የጫላንና የጩቤውን ዓለም መምህሩ አንድ መስመር ይሉታል፤ ሰባ የምንሆን ልጆች ተቀብለን እንጮኻለን። ዜማው ሲገባን መጽሐፉ አላስፈለገንም። ከክፍላችን ጎበዝ አንባቢ የሚባለው ልጅ መጽሐፉን ዘግቶ ነበር የሚያነበው። አንዲት ቃል ከመሀል ነጥለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፉለት ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያዜመ ካልደረሰባት በቀር አያውቃትም። ዛሬ ሳስበው ልጁ አልሰነፈም፤ የተጠየቀውን በሚገባ አደረገ።

ታሪኩን የለወጠው ጎረቤታችን ነው። ቡልጋሪያ ሰፈር የአንድ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ የተጣለውን ዕቃ ሲለቃቅም ካገኘው መሀል ሁለት ሦስት ትልልቅ የልጆች መጽሐፎች ለእማዬ አመጣላት። ወረቀታቸው ወፍራም፣ ቀለማቸው እንደ ጥልፍ የደመቀ። እኛ መጽሐፍ አየን፤ እማዬ ግድግዳ አየች። «እሰይ፣ ይኼስ በረሮም አይበላው!» አለችና ገጽ በገጽ ገነጣጠለችው። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ከአልጋችን በላይ ያለው ግድግዳ በሙሉ ቲንቲን ሆነ።

ቲንቲን መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ኤርዤ የሚባል ቤልጂጋዊ ሠዓሊ በ1929 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ወጣት ጋዜጠኛ ነው። ለእኛ ግን «ቁንጮ» ነበር፤ ጠጉሩ ከግንባሩ ላይ እንደ ሰፈር ሕፃን ቁንጮ ቀጥ ብሎ የቆመ። ነጭ ውሻው ቡቺ ሆነ። ሁልጊዜ የሚጮኸውን፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰውን ጺማም መርከበኛ ጋሽ ጢሞ አልነው። ከአፋቸው የሚወጣውን፣ ጽሑፍ የሞላበትን ነጭ ክብ ደግሞ «ትንፋሽ» ብለን ሰየምነው፤ በኅዳር ማለዳ ከአፋችን የሚወጣውን ጭጋግ ስለሚመስል።

ሁለት ችግር ነበረብን። አንዱ፣ ትንፋሹ ፈረንሳይኛ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ወረቀቱ በሁለቱም ገጽ የታተመ በመሆኑ አንደኛው ገጽ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ቁንጮ በአንደኛው ገጽ መጨረሻ ከገደል ይንጠለጠላል፤ ቀጥሎ በሚታየው ገጽ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በመሀል ምን ሆነ? ማን አወጣው? የታሪኩ ግማሽ ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ያለውም ግማሽ በማናውቀው ቋንቋ ነው። እህቴ አምስተኛ ክፍል ነበረችና መፍትሔውን እሷ አመጣች። ከደብተር ወረቀት በትንፋሹ ልክ ቆርጠን፣ አማርኛ ጽፈን፣ በተረፈው ሙጫ ከላይ መለጠፍ።

እዚህ ላይ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ተማርኩ። የፈረንሳይኛው ትንፋሽ ሰፊ ነው፤ ጋሽ ጢሞ ደግሞ ሲሳደብ አያባራም፣ ሦስትና አራት መስመር ይሄዳል። እኛ በአንድ ቃል እንጨርሳለን፤ ነጩ ቦታ ይተርፋል። እንግዲህ መሙላት ነው። ስድብ አለቀብን! ሜክሲኮ አውቶቡስ ፌርማታ ሄደን ወያሎች የሚሉትን አዳምጠን እስከመምጣት ደረስን። ጩኸት ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ፈረንጆቹ አናባቢውን ደጋግመው ድምፁን ያስረዝሙታል፤ የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ቁንጮ ቡቺን ከሩቅ ሲጠራው እንዴት ይጻፋል? እህቴ «ናናናና» ጻፈች፤ ተንተባተበ። ብዙ ተከራክረን «ናአአአ» በሚለው ተስማማን። ዛሬ የአማርኛ ኮሚክ የሚሠሩ ሰዎች ያንኑ ሲያደርጉ ሳይ ደስ ይለኛል።

እማዬ መሠረተ ትምህርት የወጣች ናት። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ከሰፈር ሴቶች ጋር ተመዘገበች፤ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ እየሄደች ፊደል ቆጠረች፣ ምስክር ወረቀቷን ተቀበለች። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ የተሸለመ፣ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ትልቅ ሥራ ነው፤ በእኔ ፊት ማንም አያጣጥለውም። ምስክር ወረቀቱ በፍሬም ከተሰቀለ በኋላ ግን እማዬ የምታነበው ነገር አልነበራትም። የኦሞ ካርቶን፣ የቀበሌ የስብሰባ ጥሪ፣ የመብራት ቢል። ፊደሎቿ አንድ በአንድ እየሸሹ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ «ጠፋብኝ መሰለኝ» ትል ነበር፣ ቀለበት የጠፋባት ያህል።

አንድ እሑድ ቡና እየቆላች ዓይኗ ግድግዳው ላይ ዋለ።

«ይኼ ጺማሙ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ዓይኑ የፈጠጠው?»

«አንብቢው እማዬ፣ ተጽፏል።»

«እናንተ አይደላችሁ የጻፋችሁት? ውሸታችሁን!»

ቢሆንም መቁያውን ይዛ ተጠጋች። በጣቷ ፊደሉን እየነካች፣ «አን… ተ… የ… ቆ… ላ…» አለች። ቆም አለች። ከዚያ «ዝን… ጀ… ሮ» ብላ ወጣችው። ሳቋ ወዲያው አልመጣም። ጋሽ ጢሞን አየችው፣ የሚሰደበውን ሰው አየችው፣ ቃሉን በልቧ አንዴ ገጠመችው፤ ከዚያ ሳቀች፤ ቡናው አረረ። አንብባ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ማንበብ ድምፅ ማውጣት አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ፣ ከእሷ ፊት ላይ ነው።

ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «ይኼን የሚያህል ሽማግሌ እንዲህ አይሳደብም፣ አውርዱት!» የወረደውን በሌላ መተካት ነበረባትና ራሷ ጻፈች፤ በዚያ ግድንግድ፣ መስመር በማይዘው ፊደሏ፦ «ምን በወጣኝ»። ጋሽ ጢሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተበደለ ሰው ሆነ።

ሌላ ቀን ያየሁት ነገር ደግሞ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ የተማርኩበት ነው። ጋሽ ጢሞ እጁን ወደ ጠርሙስ ዘርግቷል፤ ቁንጮ መዳፉን አንስቶ ይከለክለዋል። ትንፋሹ ውስጥ እህቴ «ገና ነው!» ብላ ጽፋለች። እማዬ አጥብቃ አነበበችው፣ እንደ ልደት በዓሉ። «ገና ነው? ታዲያ በበዓል ቀን ቢጠጣ ምናለበት?» አለች። ከዚያ የተነሣውን መዳፍ አየች። «ኣ! ገና ነው» ብላ አላልታ ደገመችው። ፊደላችን መጥበቅና መላላት አያሳይም፤ አንባቢው ከነገሩ ነው የሚያገኘው። ነገሩ ላልገባው ጀማሪ ያ ትልቅ ዳገት ነው። ሥዕሉ ያለው ሰው ግን መዳፉን አይቶ ራሱን ያርማል፤ መምህር ቆሞ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሁሉም ትንፋሽ ግድግዳው ላይ አልቆየም። ሁለት አንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣና ከዘራ የያዙ መርማሪዎች ነበሩ፤ እኛ «ጆሮ ጠቢዎቹ» ብለን ጽፈንባቸው ነበር። እማዬ ስታየው ሳትናገር በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ለመዋጮ ሲመጣ የሚቀመጠው ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ነው።

አንድ ገጽ ደግሞ አለ፣ ለረጅም ጊዜ የሳቅንበት። ጥቁር ሰዎች አሉበት፤ ከንፈራቸው ያበጠ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ሁሉም አንድ መልክ። ቁንጮ ሲያዛቸው ይሮጣሉ። እኛ መሆናቸው አልገባንም፤ ጦጣ ነገር መስለውን ነበር። «ቲንቲን በኮንጎ» የሚባለው ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቶ በ1946 ተሻሽሎ የተሣለ፣ ተሻሽሎም ያልተሻለው። ያንን ስናይ ያደግን ልጆች በአማርኛ ትንፋሽ ብቻ መዳን አንችልም ነበር። ሥዕሉም የእኛ መሆን ነበረበት።

ከግድግዳ የተረፈ አንድ ቅጠል ደብተር ውስጥ ከትቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። ተነጠቅኩ፤ በዚያ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ። «ሥዕል ማየት የሰነፍ ነው» ተባልኩ። መምህሩን ዛሬ አልከሳቸውም፤ ፍርሃቱ የዓለም ፍርሃት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ በ1954 አሳትሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሳይቀር ጉዳዩን ሰምቷል። እዚያው አገር ከዓመታት በኋላ፣ በ1992፣ «ማውስ» የተባለ የአርት ስፒገልማን ኮሚክ የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለ። የእኔ መምህር የፊተኛውን ወሬ ሰምተው የኋለኛው ገና ያልደረሰላቸው ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ከኮሚክ ጋር በተያያዘ የሚገርመኝ ግን የሰፈራችን አደባባይ ስም ነው። አደባባዩ ሜክሲኮ የተባለው ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አላቸው፤ እዚያ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ያኔ ጄኔቭ ላይ ስለ እኛ የተከራከሩት ናርሲሶ ባሶልስ ቀደም ብሎ የአገራቸው የትምህርት ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ በተያዘችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ፔፒን» የሚባል የኮሚክ መጽሔት በሜክሲኮ መውጣት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በየቀኑ ይታተም ጀመር፤ ሕዝቡ ማንኛውንም ኮሚክ ፔፒን ብሎ እስከመጥራት ደረሰ። ሪዩስ የሚባለው ካርቱኒስታቸው ማርክስን ራሱን በካርቱን ጻፈው፤ እኛ ዘንድ ያው ማርክስ በቀበሌ የውይይት ክበብ ስንቱን ሰው ሲያስተኛ! በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥታቸው የአገሪቱን ታሪክ በተከታታይ ኮሚክ አሳተመ። ስሙን ተቀብለን ልማዱን ሳንቀበል ቀረን።

ልማዱ እኛም ዘንድ አልነበረም እንዳልል ደግሞ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እማዬ ሐምሌ 19 ቀን ይዛን ትሄድ ነበር። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በሚፈላው ጋን ውስጥ ተሥለዋል፣ መልአኩ ገብርኤል ከላይ ክንፉን ዘርግቶ። ጻድቃኑ ሙሉ ፊታቸውን፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ያሳያሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችለውም ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ከሥዕሉ በላይ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚናገር የግእዝ ጽሑፍ አለ። ከሜክሲኮ ብዙ ሳይርቅ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ደግሞ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በሸራ ተሥሎ ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜ 44 ሥዕል በተርታ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ፤ ከዘንዶው ጀምሮ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ እስኪመጣ። ይኼ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ቱሪስት ገዝቶ ሳሎኑ ይሰቅለዋል፤ የእኛ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ግን ክፍሉ ውስጥ አይቶት አያውቅም።

በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩን ስሰማ ያ መጽሐፉን ዘግቶ የሚያነበው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። በምዘናው ቢቀርብ ኖሮ እሱም ከ34ቱ ወገን ነበር።

ላለመበደል ያህል፣ ዛሬ እጃችን ባዶ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡ የፈጠረቻት ቀጭኔዋ ፀሐይ በቴሌቪዥን ስንቱን ሕፃን ፊደል አስቆጥራለች፤ ኋላም ከዚያው ቤት «ጥበብ ገርልስ» የተባሉት ልጃገረዶች በአኒሜሽንም በኮሚክም ወጥተዋል። ብሥራት ደበበ ያቋቋመው ኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ኃያል ሲሆን። እሱን ተከትላ «ሐዊ» መጣች። «ጀምበር»ን ሳነብ ከታሪኩ ይልቅ የተሣለው ሰው ፊት ላይ ቆየሁ። አፍንጫው፣ ጠጉሩ፣ አቋቋሙ የሰፈሬ ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግን ከመጻሕፍት መደብርና ከስልክ አልፎ ክፍል ውስጥ ሲገባ እምብዛም አላይም። ሥዕል ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ክፍል በጨመረ ቁጥር ከመጽሐፉ እየተባረረ ይሄዳል፤ ማደግ ማለት ሥዕል ማጣት ይመስል።

ደግሞም ኮሚክ ተአምር ነው አልልም። ሥዕል ብቻውን ማንንም አንባቢ አላደረገም። ሀ ሁን ቆጥሮ፣ ተቆንጥጦም ቢሆን ተለማምዶ ያልመጣ ልጅ ትንፋሹን አልፎ ሥዕል ሥዕሉን ያያል፤ ስልኩ ላይ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። እኛን ያዳነን ሥዕሉ ሁሉን አለመናገሩ ነው። ጋሽ ጢሞ አፉን ከፍቷል፣ ምን እንዳለ ግን ከፊደሉ በቀር የሚነግረኝ የለም።

ሰንጋ ተራ ያ ቤት የለም። በእኛ በኩል የነበረው ጭቃ ቤት ከፈረሰ ቆየ፤ ባንኮቹ ፎቅ በፎቅ ላይ ሠርተውበታል፤ ካዛንቺስም ተራው ደርሶ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ አየን። ዶዘሩ የእኛን ግድግዳ ሲገፋው አልነበርኩም። ጎረቤት እንደነገረኝ ወረቀቱ ከስንት ዓመት ክምር ጋር እንደ ቆዳ ወፍሮ፣ ሳይቀደድ ነው የወደቀው።

የእህቴ ልጅ አስተማሪ ናት፣ ቂርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል። ኮሚክ ለክፍል ሙሉ ልጅ መግዣ በጀት የለም፤ ስለዚህ በጠመኔ ትሥላለች። ባለፈው ሰሞን ጥቁር ሰሌዳውን በአራት ከፍላ ሣለች፤ ሰልፍ፣ ዝናብ፣ የሚመጣ ሚኒባስ፣ በመጨረሻ ከመስኮቱ አንገቱን ያወጣ ረዳት፣ ትንፋሹ ባዶ። «ምን አለ?» ብላ ጠመኔውን ሰጠች። ልጆቹ ተጋፉ። አንዱ «ሞልቶአል» ብሎ ጻፈ፤ አንዷ ተነሥታ «ሞልቷል ነው የሚባለው!» ብላ አጠገቡ ጻፈች። ሦስተኛው ሁለቱንም በእጅጌው ጠረገና «አንድ ሰው ብቻ፣ ከኋላ!» ብሎ ሞላው። ግማሹ ክፍል ረዳቱን ደገፈ፤ ግማሹ «ተጠጉ ተጠጉ»ም ይጨመርልን ብሎ ክርክሩ ቀጠለ።